ሰባተኛው እርከን

ኖልቤርቶ ኪሱን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ አራገፈ፤
አንዱ ሳንቲም ተንከባሎ ከምድጃው ሥር አረፈ።
ቆጠርን፤ ደግመን ቆጠርን፤ አራት ሺህ ከሁለት መቶ፤
«የመመለሻ ይነሣ» አለ፣ ሺህ ሁለት መቶውን ለይቶ።
ሦስት ሺህ ፔሶ ለሦስት ሰው። እኔ የሰው ልብስ አጥባቢ፣
እሱ ሌሊት ዳቦ ጋጋሪ፣ ልጃችን ማይቴ አንባቢ፤
የበዓሉን ወረቀት ዘርግታ በጣቷ እየተከተለች፣
«ነጻ... ነጻ... ይሄኛው አይደለም... ነጻ...» እያለች፣
ነጻ ነጻውን እየመረጠች በቀይ እርሳስ ከበበች።

አምስት እንቁላል ቀቀልኩ፤ ስድስተኛው ድስት ውስጥ ፈረጠ፤
ኖልቤርቶ ጥጉ ያረረ ዳቦ፣ የማይሸጠውን፣ ቆረጠ።
ወረድን።

ሽቅብ የሚጎትተው ባቡር ዋጋ አለው፤ ለቁልቁሉ ማንም አይከፍል፤
የቫልፓራይሶ ደረጃ ቀለም ነው፤ ከሥዕል ወርደን ወደ ሥዕል፣
በዓሣ አጥማጁ ጢም በኩል፣ በሰማያዊዋ ድመት ጀርባ፣
ማይቴ ዓይኗን ላለመርገጥ ስትዘል፣ እኔ በጅራቷ ስገባ።

አደባባዩ ላይ አሻንጉሊት አጫዋች፤ ከካልሲ የተሠራ ንጉሥ፣
ዘውዱ የሳርዲን ቆርቆሮ፣ ካባው የመጋረጃ ቁራጭ ልብስ፤
«ግብር አምጡ!» ብሎ ሲያንባርቅ ሰዉ በሳቅ ተንከተከተ፤
ቆቡ እየዞረ ሲደርሰን
የኖልቤርቶ እጅ ኪሱ ውስጥ ተንከራተተ።
አንዲት መቶ ፔሶ ናት፤ ከኪሳችን ስትወጣ ግን ከበደች፣
ቆቡ ውስጥ ቅጭል ስትል፣ ያንን ጉረኛ እጅ አስነሣች።

ሸክላ ሠሪዋ ከድንኳኗ ለልጅ ሁሉ እፍኝ ጭቃ ታድላለች፤
ማይቴ የባሕር ወፍ ሠራሁ ብላ፣ ጫማ የመሰለ ነገር ይዛ መጣች።

ሲመሽ ከቲያትር ቤቱ ደረስን፤ መግቢያው በሰው ዐሥራ ሁለት ሺህ ይላል፤
ኖልቤርቶ ዋጋውን ትቶ የገዛ ጫማውን ያያል።
ቼሎ ነበር የዚያን ምሽት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስሰፋ
ሬዲዮዬ ላይ ስሰማው የኖርኩት፣ በሱ ድካሜ ሲጠፋ።

«ኑ በጓሮ» አለች ማይቴ። ጠባብ ደረጃ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት በታች፤
ለካ ሰው ሞልቷል! ነርስ ከነጋውኗ፣ ውሻ፣ ሁለት ተማሪዎች፣
ትራሱን ከቤቱ ይዞ የመጣ፣ ዶን ኤርሞሄኔስ የሚባል አዛውንት፤
«ስምንተኛው ላይ ማራገቢያው ይጮኻል» አለኝ፤
«ሰባተኛው እርከን ነው ጸጥታ ያለበት።»

ከዚያ ተጀመረ። በተጠበሰ ዓሣ ሽታ፣ በሳህን ኳኳታ
መሀል አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ፣ ጫፉ እንደማይገኝ ክር ቀስ ብሎ እየተፈታ።
ውሻው እንኳ አልጮኸም።

በዕረፍቱ የጓሮ በር ተከፈተ፤ ቼሎ ተጫዋቿ ወጣች፣
የእጅ አንጓዋን እያሸች፤ ተደርድረን ስታይ ደነገጠች።
«ከዚህ... እንዴት ይሰማል?» አለች። ሁሉም ዝም። የኔ ምላስ ግን አይታሰር፤
«ሁለተኛው ላይ ቸኮልሽ» አልኳት፤ «ኩርባ ላይ ሲቸኩሉ ይበጠሳል ክር።»
ኖልቤርቶ በክርኑ ጎሰመኝ። እሷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣች፤
አምስተኛውን እንቁላል ሰጠኋት፤ እንደቆመች፣ ያለ ጨው በላች።
ስትገባ በሩን አልዘጋችም፤ በድንጋይ ደግፋው ሄደች።
ኩርባው ላይ ስትደርስ ደግሞ
(እምላለሁ፣ ዶን ኤርሞሄኔስም ሰምቷል)
ዘገየች።

አውቶቡሱ አመለጠን። ሽቅብ በእግር፤ ማይቴ በአባቷ ጀርባ፣
ጭቃዋ ወፍ በኔ መዳፍ፣ ሳትሰበር ቤት እንድትገባ።
ጠረጴዛው ላይ ቆጠርን፤ አራት ሺህ ከአንድ መቶ።
«አተረፍን እንዴ?» አለ ኖልቤርቶ፣ ሳቁ አፉን ሞልቶ፤
ደሞ ተንበርክኮ፣ በመጥረጊያ እንጨት፣ ምድጃው ሥር ይጎረጉር ጀመር።
«ተወው» አልኩት፤ «የከርሞው በዓል ነው፤ እዚያው ይክረም፤ እዚያው ይደር።»